ሊዝበን፦ ጉልበቷን ለሚያማት እናቴ ደረጃ የሌለው ቁልቁለት

ከእናቴ ጋር የገና ዕረፍታችንን ሊዝበን እያሳለፍን ነው፤ ማረፊያችን ሮሲዮ አደባባይ አጠገብ ሲሆን ሁለት ቀን ቀርቶናል። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ሜዳውን ትራመዳለች፣ ደረጃ ግን ጠላቷ ነው። ትናንት ማርቲም ሞኒዝ አደባባይ ላይ 28 ቁጥር ትራምን አንድ ሰዓት ጠብቀን እስከ መጨረሻው ቆመን ተጓዝን። ዛሬ ዳገታማውን አሮጌ ሰፈር አልፋማን በእግር ሞከርን፤ ዝናብ የነካው የኖራ ድንጋይ ንጣፍ እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል፣ ከግማሽ መንገድ ተመለስን። ከፊጌይራ አደባባይ የሚነሳው 737 አውቶቡስ ብቻ እስከ ሳኦ ዦርዥ ግንብ በደህና አደረሰን።

ነገ ግራሳ ሰፈር ወዳለው የሴኞራ ዶ ሞንቴ መመልከቻ በታክሲ እንወጣለን። መውጣቱ አያስጨንቀኝም፤ እናቴ ግን መንደሩን እያየሁ በእግሬ ካልወረድሁ ብላለች (ከእርሷ ጋር መከራከር ከዳገቱ ይከብዳል)። ካርታው ደረጃውን ከመንገድ አይለይልኝም። ከሴኞራ ዶ ሞንቴ እስከ ሮሲዮ ደረጃ ሳይነካ የሚያወርደው መንገድ በየት በየት በኩል ነው?