በሌዝቢያን የፍቅር ልብ ወለድ ውስጥ ቅናትና ክህደት ይጻፍ ወይስ ይቅር?

አወያይ፦ ሁለት ሴቶች የሚፋቀሩበት ልብ ወለድ ውስጥ ቅናት፣ ክህደት፣ ያልተቋጨ የድሮ ፍቅር ሲገባ አንዳንዱ «ሕይወት እንዲህ ነው» ይላል፤ ሌላው «ይሄን ፍለጋ አይደለም የማነበው» ይላል። እናንተስ?

የሌሊት አንባቢ፦ እኔ ከኋለኞቹ ነኝ። ያለፈውን አትርሱ እንጂ! እ.ኤ.አ. በ1952 «ስፕሪንግ ፋየር» የተባለው የሁለት ሴቶች የፍቅር ልብ ወለድ ሲወጣ ደራሲዋ ማሪጄን ሚከር መጨረሻውን እንዳታሳምረው በአሳታሚው ተነግሯት ነበር። መጽሐፉ በፖስታ ስለሚላክ፣ እንዲህ ያለውን ፍቅር ያሞግሳል ተብሎ እንዳይያዝ ተፈርቶ ነው። እናም ከሁለቱ ፍቅረኞች አንዷ አእምሮዋ ታውኮ ሆስፒታል ገባች፣ ሌላዋ ድሮም አልወደድኳትም ብላ አረፈችው። አሁን ገና እፎይ ስንል «እውነታ» በሚል ስም ያንኑ እንባ ልትመልሱብን ነው?

ህዳግ፦ እህቴ፣ እንባና ጭቅጭቅ ለየቅል ናቸው። በዚያው ዓመት ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ ክሌር ሞርጋን በሚል የብዕር ስም «ዘ ፕራይስ ኦፍ ሶልት»ን አሳትማለች። ዛሬም የሚወደሰው ተስፋ ባለው መጨረሻው ነው። ውስጡ ግን ንጹሕ ነው እንዴ? ከሁለቱ ፍቅረኞች ካሮል ከባሏ ጋር ፍቺ ላይ ናት፣ ልጇንም ታጣለች። ቴሬዝ ደግሞ ከወንድ ጓደኛዋ ጋር ያላትን ነገር ሳትቋጭ ትከተላታለች። ያን ሁሉ ባያልፉ መጨረሻው ማንን ያስደስት ነበር?

ባለረቂቋ፦ እየጻፍኩት ያለሁት ላይ የአንዷ የቀድሞ ፍቅረኛ አሁንም የቤቱ ቁልፍ አላት፤ ድመቷን ልታይ ትመጣለች። አዲሷ ከሥራ ስትመለስ ሁለቱ ሶፋ ላይ ሆነው፣ እሷ በማታውቀው ነገር ሲስቁ ታገኛቸዋለች። ሌላ ምንም የለም። እሷ ግን ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ዕቃ ማጠብ ትጀምራለች። ረቂቁን ያነበበች አንዷ «ይቺን ሴትዮ አውጪልኝ» አለችኝ። እንዴት አድርጌ? የባለቤቷ ቤተሰቦች ፊታቸውን ሲያዞሩባት የቀረቻት ዘመድ ይቺው የቀድሞ ፍቅረኛዋ ብቻ ናት።

የሌሊት አንባቢ፦ ይሄንንማ ማን ጠላው፣ ዛሬውኑ ላኪልኝ። እኔ የምለው ክህደቱን ነው። በተለይ ሁለቱንም ፆታ የምትወደዋ ሁልጊዜ ከዳተኛ ሆና የምትሣለው። ያ እውነታ አይደለም፣ ስንፍና ነው።

ሰበዝ፦ እዚህ ላይ ልክ ነሽ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ «የተወሳሰበ ፍቅር» እየተባለ በደል ሲቆነጃጅ። ስልኳን የምትበረብር፣ ከጓደኞቿ የምትነጥላት፣ ከዚያ አልቅሳ የምታባብላት። አሜሪካዊቷ ደራሲ ካርመን ማሪያ ማቻዶ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመችው ማስታወሻዋ በሴት ፍቅረኛዋ የደረሰባትን ጽፋለች። እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚታፈነው «ለጠላት መሣሪያ አናቀብል» በሚል ነው። ስለዚህ መጻፉን እደግፋለሁ፤ በስሙ ይጠራ እንጂ። ቁጥጥርን ፍቅር ብሎ የሚሸጥልኝን ደራሲ አልታገሥም።

ህዳግ፦ ክህደቱም ያው ነው። ይግባ፣ ግን ዋጋ ይክፈሉበት። አሁን የሚጻፈው እኮ ያስቃል፦ በምዕራፍ 20 ትከዳታለች፣ በ21 መኪና ይገጫታል፣ በ22 አልጋዋ አጠገብ ይቅር ትባላለች። የተከዳችው መቼ ተናደደች? እስኪ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ትቆጣ!

የሌሊት አንባቢ፦ እሺ ትቆጣ። ግን ክህደት እንዳለበት ሽፋኑ ላይ ይጻፍልኝ፤ አውቄ ልግዛው።

ባለረቂቋ፦ አስቀድሞ ከተነገረማ ማን ይደነግጣል?

የሌሊት አንባቢ፦ መደንገጥ ያማራት ሌላ መደርደሪያ ትሂድ። «የፍቅር ልብ ወለድ» ብለሽ ከሸጥሽልኝ፣ መጨረሻ ላይ ተስፋ እንደማገኝ ቃል ገብተሽልኛል። መሐሉን እንደፈለግሽ አድርጊው።