ለዘመድ የሚላክ አስቂኝ ቪዲዮ፦ የተቀረጸውን ሰው እንዴት እናስብለት?

የማርቆስ ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። በቢቸና፣ በፍኖተ ሰላም፣ በባሕር ዳርና በውጭ አገር የተበተነውን ዘመዴን በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ሰብስቤ፣ ማታ ማታ ከራት በኋላ ከኢንተርኔት ያገኘሁትን አንድ ሁለት አስቂኝ ቪዲዮ እየመረጥሁ እልካለሁ። ለለቅሶና ለሠርግ ብቻ ይፈላለግ የነበረ ቤተሰብ በዚህ ሰበብ በየማታው ድምፁን ስለሚያሰማ፣ ነገሩን ከልቤ ነው የምይዘው።

ባለፈው ወር ግን የላክሁት አንድ ቪዲዮ ሰው አስቀየመ። ርዝመቱ 14 ሰከንድ ነው። በገበያ ቀን ጤፍ የተጫነች አህያ ጭቃ ውስጥ ትደነብራለች፤ ጋቢ የለበሱ ጎልማሳ ገመዱን ሳይለቁ አብረዋት ይጎተቱና በመጨረሻ እሳቸው ጭቃው ላይ ተዘርረው፣ እሷ ቆማ ዘወር ብላ ታያቸዋለች። የቀራጩ ሳቅ ራሱ የሚጋባ ስለነበር በግሩፑ ውስጥ ያልሳቀ አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት የአጎቴ ባለቤት ደውለው፣ «የሳቃችሁበት ወንድሜ ነው፤ በጋቢው ጥለት ነው የለየሁት። ያን ዕለት ትከሻው ወልቆ ወጌሻ ቤት ሲያቃስት ነው ያመሸ» አሉኝ። ቪዲዮው የሚያልቀው እሳቸው ከመነሳታቸው በፊት ነበር።

ወዲያው አጠፋሁት፤ የአጎቴን ባለቤትም ይቅርታ ጠየቅሁ። ያገኘሁበት ቻናል ላይ ግን እስካሁን አለ። እናንተ ለመላክ የምትመርጡት ምን አይታችሁ ነው? አንዴ ከተሰራጨ በኋላስ ምን ማድረግ ይቻላል? በዚያ ላይ እናቴ «ፓኬጄ በቪዲዮ አለቀ» ስለሚሉኝ፣ መፍትሔ የሚያውቅ ቢኖር እግረ መንገዱን ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

መምህርት ከቡሬ

ወንድሜ፣ ይቅርታ መጠየቅህ ደግ አድርገሃል። መልስህ ያለው «ከመነሳታቸው በፊት ያልቃል» ባልኸው ላይ ይመስለኛል። የሚወድቅ ሰው ያለበትን ቪዲዮ ሳገኝ እኔ የማየው መጨረሻውን ነው። ወዳቂው ተነሥቶ ልብሱን እያራገፈ ሲስቅ ካየሁ እልከዋለሁ፤ መሬት ላይ ሳለ ከተቆረጠ ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚያውቀው ቀራጩ ብቻ ስለሆነ አልልከውም። ብዙ ጊዜ የሚቆረጠውም የማያስቀው ክፍል ነው።

ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ያየሁትን ላንሣ። አንድ ያማረ ፈረስ ባለቀለም ጌጡን እንደ ተሸለመ፣ ጓደኞቹ ሲጋልቡ እሱ አንገቱን ደፍቶ ሣር መጋጥ ጀመረ። ጋላቢው ቢኮረኩረው፣ ቢለምነው፣ በኋላም ወርዶ ቢጎትተው ንቅንቅ አላለም። ቀርጬ ስጨርስ ለባለቤቱ አሳየሁት፤ ጉልበቱን ይዞ ሳቀና «ለእኔም ላኪልኝ» አለኝ። ያን ቪዲዮ ለማን እንደምልክ አስቤም አላውቅ።

የባዮሎጂ መምህርት ስለሆንሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ እንስሳ ሲሆን የሚያስቀው ነገር ብዙ ጊዜ በእኛ ዓይን ብቻ ነው የሚያስቀው። በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚገኝ ስሎው ሎሪስ የሚባል ዓይነ ትልቅ ትንሽ እንስሳ ሲኮረኮር እጆቹን ወደ ላይ የሚያነሣበት ቪዲዮ ዓለምን አዳርሷል። እንስሳው እጁን የሚያነሣው ግን ደስ ብሎት አይደለም፤ በክንዱ ላይ ያለውን መርዝ አመንጪ ዕጢ ወደ አፉ አቅርቦ ራሱን ለመከላከል ሲዘጋጅ ነው። ቺምፓንዚም ጥርሱን ገልጦ «ሲስቅ» የምናየው ብዙውን ጊዜ ፈርቶ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ እነዚህን መላክ ትቻለሁ።

ጨዋታና ለዛ ለሚወድ ሰው ግን የሚላክ አይጠፋም። ዩቲዩብ ላይ የተጫነው የመጀመሪያው ቪዲዮ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1997 ዓ.ም. የወጣው፣ ከድርጅቱ መሥራቾች አንዱ የሆነው ጃዌድ ካሪም በአሜሪካ ሳን ዲዬጎ የእንስሳት መጠበቂያ ዝሆኖች ፊት ቆሞ ኩምቢያቸው ረጅም መሆኑን ብቻ የሚናገርበት 19 ሰከንድ ነው። ለተማሪዎቼ ባሳየኋቸው ቁጥር «ይኸው ነው?» እያሉ ይስቃሉ።

የሕግ ተማሪ፣ ባሕር ዳር

ስለ ሁለተኛው ጥያቄህ ሕጉ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝር፣ በአደባባይ ከተፈጸመ ነገር ጋር ተያይዞ የወጣን ምስል ስለሚጨምር፣ ገበያ መካከል የተቀረጸ ሰው ክርክሩ ቀላል ይሆንለታል ብዬ አልዋሽህም። ቢሆንም ፈቃዱ ሳይጠየቅ ምስሉ የታየበት ሰው እንዲቆምለት የመጠየቅ መብት አለው።

ከፍርድ ቤት በፊት ግን ቅርቡን መንገድ ሞክሩ። ለቻናሉ ባለቤት በጨዋ ቃል ጻፉለት፤ ብዙ ሰው የተቀረጸው ሰው መጎዳቱን ሲሰማ ያወርዳል። እምቢ ካለ ለራሱ ለመድረኩ ማመልከት ይቻላል። ዩቲዩብ ለምሳሌ የግል ሕይወት አቤቱታ የሚቀበልበት ቅጽ አለው፤ በመሠረቱ አመልካቹ ራሱ የተቀረጸው ሰው ወይም ሕጋዊ ወኪሉ እንዲሆን ስለሚፈልግ፣ የአጎትህ ባለቤት ወንድም ሳያውቁ አንተ ብቻህን ባትሞላው ይሻላል።

ስልክ ጠጋኝ፣ ፍኖተ ሰላም

የእናትህ ነገር ቀላል ነው። ቴሌግራማቸው ላይ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ዳታና ስቶሬጅ የሚለውን ክፈት፤ በሞባይል ዳታ ጊዜ ቪዲዮ በራሱ እንዲወርድ የሚያደርገውን አጥፋው። ከዚያ በኋላ የሚወርደው ራሳቸው ሲነኩት ብቻ ነው። ዋትስአፕም ይህንኑ ማስተካከያ አለው። እኔ ሱቅ ለሚመጡ እናቶች ሁሉ ሳይጠይቁኝ የማደርግላቸው ነው፤ ሳምንት ሳይሞላ ተመልሰው ይመርቁኛል። ከስልክህ ስትልክም ቴሌግራም ጥራቱን ዝቅ እንድታደርግ ስለሚፈቅድ፣ ለትንሽ ስክሪን ከፍተኛው አያስፈልግም።

ስለ ማጥፋት ደግሞ ልብ በል፤ «ለሁሉም አጥፋ» ብትል ከግሩፑ ይጠፋል፤ ሌላው ሰው ቀድሞ ያስቀመጠውንና ወደ ሌላ ቦታ ያሻገረውን ግን አይነካም። ዋትስአፕ ከጥር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ አንድን መልእክት በአንድ ጊዜ ከአምስት ቦታ በላይ ማሻገርን የከለከለው፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ደግሞ ብዙ ጊዜ የተሻገረውን ወደ አንድ ቦታ ብቻ ያደረገው ስርጭቱን ለማዘግየት ነው። ባለ ሁለት ቀስት ምልክት ያለበት ቪዲዮ ሲመጣልህ፣ ከአንተ በፊት በብዙ እጅ ማለፉን እወቅ።

የማርቆስ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ቅዳሜ ከአጎቴ ባለቤት ጋር ቢቸና ሄጄ ወንድማቸውን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ትከሻቸው ድኗል፤ ክንዳቸውን ወደ ላይ ማንሣት ግን ገና ያማቸዋል። «እስቲ አሳየኝ» አሉና ቪዲዮውን ከቻናሉ ላይ ከፍቼላቸው ሁለት ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ፣ «ይህ ሁሉ ሰው አይቶት ገመዱን ለምን እንዳልለቀቅሁ የጠየቀ የለም። ጤፉ እኮ የጎረቤቴ ነበር፤ ሸጠህ አምጣልኝ ብላ አደራ የሰጠችኝ ባልቴት ናት» አሉኝ።

ለቻናሉ ባለቤት የሚላከውን ደብዳቤ እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ጻፍሁት፤ የጤፉም ነገር እንዲገባበት ፈለጉ። መልሱን እየጠበቅን ነው። የእናቴን ስልክም አስተካክያለሁ።