ችላ የተባለ መኪና ቅዳሜና እሁድ ማጽዳት ለምትጀምሩ፦ የአዲስ አበባ ጥቆማ

ሰሞኑን ተመሳሳይ ጥያቄ ከተለያዩ ልጆች እየመጣልኝ ነው። "ሥራ አለኝ፤ ግን ቅዳሜና እሁድ መኪና እያጸዳሁ ትንሽ ተጨማሪ ገቢ ማግኘት እፈልጋለሁ። ከምን ልጀምር? ምን ልግዛ? የቱን ለሌላ ሰው ልተው?" ሁላችሁንም እዚህ ላይ ልመልስላችሁ።

ገበያው አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በጣም አስወደደው። በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ። ስለዚህ ሰው ያለችውን ቪትዝና ኮሮላ አጥብቆ ይዟል። ካልቀየራት ማሳመር ይፈልጋል። ሊሸጣት ያሰበም ገዢ በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ወንበሩንና ክሩስኮቱን እንደሆነ ያውቃል። የራይድ፣ የፈረስና የያንጎ ሹፌሮች ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ ያመላልሳሉ። ኮከብ የሚሰጣቸው ተሳፋሪ ሽታውን ያስተውላል።

ዋናውን ምክሬን አስቀድሜ ልናገር። ለጀማሪ ገንዘቡ ያለው ከመኪናው ውስጥ ነው። የውጭ እጥበቱን ለላቫጆ ተዉት። ከባድ የቀለም ሥራውንም ለቀለም ባለሙያ ላኩት። እናንተ ወንበሩን፣ ሞኬቱን፣ ክሩስኮቱን፣ ጣሪያውንና ሽታውን ያዙ። ላቫጆ ለዚህ ሥራ ጊዜ የለውም፤ መኪና ተሰልፎበታል።

ላቫጆ ወይስ የራስ ግፊት ማሽን? ብዙ ጀማሪ መጀመሪያ የሚገዛው የውሃ ግፊት ማሽን ነው። እኔ አልመክርም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ማሽኑ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ቆሻሻ ውሃ ወደ መንገድ ከለቀቃችሁ ደግሞ ከጎረቤትም ከደንብ ማስከበርም ጋር ያጣላችኋል። ላቫጆ ውሃውም፣ ግፊቱም፣ መፍሰሻውም አለው። ከሰፈራችሁ አንዱን ምረጡና ደንበኛ ሁኑ።

ስትመርጡ ስፖንጁን ተመልከቱ። ቸርኬ ያጠቡበትን ስፖንጅ መልሰው ኮፈኑ ላይ የሚያሳርፉ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ቸርኬ ላይ ያለው አሸዋና የፍሬን ብናኝ ቀለሙን ይቧጭራል። ሳሙና ከመቀባታቸው በፊት በውሃ ብቻ ደህና አድርገው የሚያለቀልቁ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ሞተር ላይና ከሥር ናፍጣ የመርጨት ልማድ ካላቸው ደግሞ "ይቅርብኝ" በሉ። ናፍጣ ለዕለቱ ያብለጨልጫል፤ ግን የጎማ ክፍሎችን ያሳብጣል፣ ቅባቱም አቧራ ይሰበስባል። የራሳችሁን ሻምፖና የማይክሮፋይበር ጨርቅ ይዛችሁ ብትሄዱ አብዛኞቹ ልጆች ደስ ብሏቸው ይሠሩበታል። ትንሽ ጉርሻ ጨምሩላቸው። የቅዳሜ ከሰዓትን ግፊያ ሽሹ፤ ማልዳችሁ ሂዱ።

ስለ ሳሙና ትንሽ ልበል። ኦሞ ለልብስ ነው። ቀለሙ ላይ ያለውን ሰም ይገፋል፣ በደንብ ካልተለቀለቀም ነጭ ምልክት ይተዋል። ላርጎ ከኦሞ ይሻላል፤ በጣም ቅባት ለያዘ ቦታ ይጠቅማል፤ ለየሳምንቱ እጥበት ግን አይሆንም። ለገላው የመኪና ሻምፖ ግዙ። አንድ ጠርሙስ ለብዙ መኪና ይበቃል፤ ወጪው ሲካፈል ምንም አይደለም። በረኪና መኪና ውስጥ በጭራሽ አይግባ። የወንበሩን ቀለም ያነጣል፤ የደህንነት ቀበቶውንም ክር ያዳክማል።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። ደረቁን ቆሻሻ ሳትጨርሱ ውሃ አታስነኩ። ሞኬት ውስጥ ያለ አቧራ ከረጠበ ጭቃ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ቢፈተግ ቢፈተግ አይወጣም። ወንበሩን ወደፊትና ወደኋላ እየገፋችሁ ሥሩን ጥረጉ። ፈንዲሻ፣ የጫት እንጨት፣ ሳንቲም፣ የደረቀ ቄጠማ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ለጠባብ ቦታ የጎሚስታ ኮምፕረሰርን የሚያህል የለም። የአየር መውጫውን፣ የወንበር ሐዲዱን፣ የካምቢዮውን ዙሪያ በአየር አስነፉ። ጎሚስታው በትንሽ ገንዘብ ይነፋላችኋል። መነጽርና ማስክ አድርጉ፤ የዓመታት አቧራ ነው የሚወጣው። ቀለም መቀቢያ ለስላሳ ብሩሽም ያዙ። በአንድ እጅ በብሩሹ እያራገፋችሁ በሌላው ቫኩሙን አስጠጉ።

ቫኩም ላይ ሦስት አማራጭ አለ። የመጀመሪያው ርካሹ ነው፦ እንደ ኢንግኮና ቶታል ያሉ የእጅ መሣሪያ ብራንዶች እርጥብና ደረቅ ቫኩም። ድምፁ ይረብሻል፣ ግን ጉልበት አለው፣ ውሃም ይስባል። ሁለተኛው ቢሴል ሊትል ግሪን ነው። ራሱ ይረጫል፣ ራሱ ይስባል፣ ለወንበር እጅግ ምቹ ነው። ችግሩ አሜሪካ ያለ ዘመድ ሲልክ የሚመጣው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። የእኛ መብራት 220 ነው። ያለ ትራንስፎርመር ከሰካችሁት በዚያው ቅጽበት ያበቃለታል። የሚላክላችሁ ከሆነ ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ ይሁን፤ ቮልቱ ይስማማል። ሦስተኛው የካርቸር ፑዚ 10/1 ነው። ይህ የባለሙያ ማሽን ነው፤ ሥራው ያረካል፣ ዋጋው ግን ለጀማሪ አይቀመስም።

የእኔ ምርጫ የመጀመሪያው ነው። እርጥብና ደረቅ ቫኩም፣ መርጫ ጠርሙስ፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ብሩሽ። በዚህ ብቻ ችላ የተባለ ወንበር ይመለሳል። ደንበኛ ሲበዛ ፑዚውን ሥራው ራሱ ይገዛላችኋል።

ነጠብጣብ ላይ አንድ የእኛ አገር ጉዳይ አለ። አልጫ ወጥ። ክሬም ቀለም ባለው ወንበር ላይ የፈሰሰ አልጫን በኦሞ ስትፈትጉት ቢጫው ወደ ቀይ ይቀየራል። አትደንግጡ፤ እርድ አልካላይን ሲነካው እንደዚያ ነው ጠባዩ። ይልቅ ቅባቱን መጀመሪያ በላርጎ ጠብታና በለብታ ውሃ አንሱ። አትፈትጉ፤ በነጭ ጨርቅ እየተጫናችሁ አውጡት። ቀሪውን ቢጫ ለፀሐይ ስጡት። በሮቹን ከፍታችሁ ወንበሩን ወደ ፀሐይ አዙሩ። የእርድ ቀለም ብርሃን አይችልም፤ እየደበዘዘ ይሄዳል። ደንበኛው መኪናውን በዚያው ቀን የሚወስድ ከሆነ ይህንኑ ንገሩት፦ "ፀሐይ ላይ አቁማት፣ በጥቂት ቀን ይጠፋል።" ጧፍና ሻማ ከሆነ በረዶ አስነክታችሁ ሰባብሩት፤ የቀረውን ወረቀት አልብሳችሁ በሞቀ ካውያ አስመጥጡት።

ወንበር ሥር ቢጫ ሶኬት ካያችሁ አትንቀሉት። የኤርባግ መስመር ነው። ውሃም አታርከፍክፉበት። ቁልፍ ተከፍቶ ከተነቀለ የኤርባጉ መብራት ክሩስኮት ላይ ይበራና ለማጥፋት የኮምፒውተር ምርመራ ቤት መሄድ ይጠይቃል። የጣሪያ ጨርቅም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጨርቁ በማጣበቂያ ነው የተያዘው፤ ከራሰ ይረግፋል። በእርጥብ ማይክሮፋይበር እየዳበሳችሁ አጽዱት፣ በቃ። ቀድሞ የረገበ ከሆነ አትንኩት፤ ወንበር ልብስ ሰፊዎች ጋር ይሂድ። የተቀደደ ወንበርም ሥራው የእነሱ ነው። ደህና ሰፊ አግኝታችሁ ተስማሙ፤ እናንተ ደንበኛ ትልኩለታላችሁ፣ እሱም ይልክላችኋል።

ክረምት ላይ ማድረቅ ዋናው ፈተና ነው። በሐምሌ ወንበር አጥባችሁ መስኮት ዘግታችሁ ከሰጣችሁ በሁለት ቀን ይሻግታል። ውሃ አሳንሱ፣ ደጋግማችሁ በቫኩም ሳቡ፣ ማራገቢያ ተክሉ። ሞኬቱ ሥር ያለው ስፖንጅ ደርቆ እንደሆነ በእጃችሁ ተጫኑና እዩ። ሳታጥቡትም ርሶ ከተገኘ ውሃ የሚያስገባ ነገር አለ። የበር ጎማውን ወይም የኤሲውን ውሃ ማፍሰሻ ተመልከቱ፤ ያ ካልተስተካከለ ጽዳቱ ከንቱ ነው።

ሽታን በሽቶ አትሸፍኑ። ምንጩን ፈልጉ። የተደፋ ወተት ነው? እርጥብ ሞኬት ነው? ብዙ ጊዜ የሚረሳው ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራው ማጣሪያ ነው። በብዙ ቶዮታ መኪኖች ከክሩስኮቱ መሳቢያ ጀርባ ይገኛል፤ መሳቢያውን አውርዳችሁ ትስቡታላችሁ። ቅጠልና አቧራ ጠጥቶ የጠቆረውን ለደንበኛው አሳዩት፤ አዲሱን ለመግዛት አያመነታም።

ለክሩስኮት ማሳመሪያ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ የሚያብረቀርቀው ሲሊኮን ያለበት ስፕሬይ ነው። ገና ሲረጭ ያምራል፤ ግን አቧራ ይይዛል፣ ፀሐይ ሲያርፍበትም የፊት መስታወቱ ላይ ያንጸባርቃል። ሌላው በውሃ የተሠራ፣ ማት የሚባለው፣ ፕላስቲኩን እንደ አዲስ አድርጎ የሚተው ነው። እኔ ሁልጊዜ ማቱን ነው የምመርጠው። የትኛውንም ቢሆን መሪና ፔዳል ላይ አትቀቡ፤ ያንሸራትታል።

ቀለም ላይ ልትሠሩ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ዓይነቱን ለዩ። ነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ኮምፓውንድ (ቀለም ማሻሻ ቅባት) አድርጋችሁ የማይታይ ቦታ ላይ አሹ። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ላዩ ላይ ክሊር፣ ማለትም ቀለሙን የሚሸፍነው ግልጽ ሽፋን፣ የለውም ማለት ነው፤ የድሮ ዲኤክሶች ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። እነዚህ በእጅ ሥራ እንኳ ደስ የሚል ለውጥ ያሳያሉ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ከቀረ ክሊር አለው። የፋብሪካ ቀለም በጥቅሉ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ ክሊሩ ከዚያ ውስጥ ከ40 እስከ 50 ቢሆን ነው። አንድ ሺህ ማይክሮን አንድ ሚሊሜትር ነው፤ ምን ያህል ስስ እንደሆነ አስቡት። ስለዚህ ቀለም ቤቶች የሚጠቀሙበትን በአንድ አቅጣጫ የሚሽከረከር የፖሊሽ ማሽን ለመነሻ አትንኩ። ጠርዝ ላይ ትንሽ ከቆየ ያቃጥላል። ዲኤ የሚባለውን፣ እየተሽከረከረ የሚወዛወዘውን ግዙ። ቀስ ይላል፣ ግን ይቅር ባይ ነው። ክሊሩ እንደ ቆዳ የተላጠ ከሆነ ደግሞ ኮምፓውንድም ዋክስም አይመልሰውም። ለደንበኛው እውነቱን ንገሩና ባትላሜራና ቀለም ቤት ላኩት።

የፊት መብራት ግን ለጀማሪ ምርጥ ሥራ ነው። ከተማችን ከፍታዋ ብዙ ስለሆነ ፀሐይዋ ፕላስቲክን ቶሎ ታቢጫለች። 1000፣ 2000፣ 3000 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ ፖሊሽ። ዙሪያውን ቀለም በፕላስተር ሸፍኑ። የጥርስ ሳሙናን ተዉት፤ ለሳምንታት ብቻ ነው። ከፖሊሹ በኋላ ፀሐይ የሚከላከል ሽፋን ካልቀባችሁበት በወራት ውስጥ ተመልሶ ይቢጫል፤ ደንበኛውም ተመልሶ ይመጣባችኋል።

ሴራሚክ (ቀለሙ ላይ የሚቀባ መከላከያ ሽፋን) የሚጠይቅ ደንበኛ ቢመጣ ለጊዜው ለተማረው ላኩት። ስታማርጡለት አንድ ነገር ጠይቁ፦ "ከመቀባታችሁ በፊት ቀለሙን ታስተካክላላችሁ?" ታጥቦ ወዲያው ይቀባል ካሉ እለፉ። ጭረቱ ከሽፋኑ ሥር እንዳለ ይቀራል።

ዕቃ የት ይገዛ? ሶማሌ ተራና ተክለሃይማኖት አካባቢ ምርጫውም ዋጋውም የተሻለ ነው፤ ግን አስመስሎ የተሠራ አለ። ሶናክስ፣ ተርትል ዋክስ ወይም ሜጓየርስ ተብሎ ሲሰጣችሁ የክዳኑን ማሸጊያና የጽሑፉን ፊደል አስተውሉ። ኮምፓውንድ በጣት ስታሹት አሸዋ አሸዋ ካለ አትውሰዱ። ሱፐርማርኬትና ማደያ ሱቅ ዋጋው ይቆነጥጣል፤ ለመጀመሪያ ጠርሙስ ግን ትክክለኛውን ምርት ለማወቅ ይረዳል። ጨርቅ ላይ አትሰስቱ። ለመስታወት፣ ለገላ፣ ለውስጥና ለቸርኬ የተለያየ ቀለም ያለው ማይክሮፋይበር ያዙ፤ መሬት የወደቀውን ሳይታጠብ መልሳችሁ አትጠቀሙ።

ዋጋን በመኪናው ሞዴል አትንገሩ። በስልክም አትንገሩ። አይታችሁ ንገሩ። ሕፃናት የሚመላለሱበት ቪትዝ አንድ ሰው ብቻ ከሚነዳው ላንድክሩዘር የበለጠ ሥራ ሊኖረው ይችላል። ከመጀመራችሁ በፊት ጭረቱን፣ የተሰበረውን ስፖኪዮ፣ የበራውን የክሩስኮት መብራት በስልካችሁ አንሱና ለባለቤቱ ላኩለት። ግማሹን በቴሌብር ቅድሚያ ተቀበሉ። ከወንበር ሥር የተገኘውን ሁሉ፣ ሳንቲምም ይሁን ደረሰኝ፣ በፌስታል አድርጋችሁ በእጁ አስረክቡ። ለራይድ ሹፌሮች በሥራ ቀን ማታ ቀንሳችሁ ሥሩላቸው፤ ደስ ካላቸው ለጓደኞቻቸው ሳይነግሩ አይውሉም። የሠርግ ሰሞንን ደግሞ አትርሱ፦ ጥር፣ ከፋሲካ በኋላም ሚያዝያ። ከሠርጉ በፊት ለማሳመር፣ ከሠርጉ በኋላ የሪባን ሙጫና የአበባ እድፍ ለማስለቀቅ ሁለት ጊዜ ትጠራላችሁ። ለዚያ ሙጫ ማስለቀቂያ ቀድማችሁ ግዙ፤ ቤንዚን ቀለሙ ላይ አታስነኩ።