3 ቀን ሙሉ ባሕር ላይ፤ እማዬ ትችለው ይሆን?

የለገጣፎዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ፍሎሪዳ ያለችው እህቴ በየካቲት እኔንና እማዬን ክሩዝ (በትልቅ መርከብ ሽርሽር) ልትወስደን ነው። ወደ ምሥራቅ ካሪቢያን፣ 7 ቀን። ከዚያ ውስጥ 3ቱን ቀን ወደብ የለም፣ ባሕር ብቻ። እማዬ ደግሞ እንኳን መርከብ፣ ወደ መገናኛ ስንወርድ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ከተቀመጠች ፌስታል ትጠይቃለች። ትናንት ማታ ነፋሱ የጎረቤትን ቆርቆሮ ሲያንኳኳ ሲያመሽ «መሬት ላይ እንዲህ ከሆነ እዚያማ!» ብላ ሻንጣዋን መልሳ አልጋ ሥር ከተተችው። እኔም በየቀኑ የዚያን አካባቢ ትንበያ አያለሁ፤ ነፋስ 20 ኖት፣ ሞገድ 2 ሜትር ይላል። 2 ሜትር እኮ ከኔ ቁመት በላይ ነው! ብዙ ነው? ካቢንም (መኝታ ክፍሉን) ገና አልመረጥንም፣ እህቴ እይታው ያምራል ብላ ከላይኛው ፎቅ ከፊት በኩል ትላለች።

ቱሉ ዲምቱ
ባቦጋያ ተምሬ ጭነት መርከብ ላይ ሞተር ክፍል ነው የምሠራው፣ አሁን እረፍት ላይ ነኝ። 20 ኖት ማለት በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ነው፣ በካሪቢያን በብርዱ ወራት የተለመደ ነው፣ ከምሥራቅ ነው የሚነፍሰው። አሁን ባጃጅ አስቢ። ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ ባጃጁ ሲሮጥ ፊትሽን ይመታሻል አይደል? መርከቡም 18 ኖት እየሄደ ወደ ምሥራቅ ነፋሱን ፊት ለፊት ሲገጥመው ላይኛው ወለል ላይ 38 ኖት ይሆናል፣ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው፣ የእማዬን ነጠላ ይዞት ይሄዳል። ስትመለሱ ግን ያው ነፋስ ከኋላ ይመጣና ፀጉርሽ እንኳ አይነቃነቅም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን አይታ እንዳትደነግጥ።

ሞገዱን በቁመቱ ብቻ አትለኪው፣ በስንት ሴኮንድ ልዩነት እንደሚመጣ እዩ። በ6 ሴኮንድ የሚመጣ ሞገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ 56 ሜትር ገደማ ነው፣ 300 ሜትር የሚሆን መርከብ አምስቱን ባንዴ ይረግጣቸዋል፣ ብዙም አይሰማሽም። 12 ወይም 14 ሴኮንድ ካየሽ እሱ ከሩቅ ማዕበል የመጣ ነው፣ ርዝመቱ ከመርከቡ ጋር ስለሚቀራረብ ያነሳውና ያወርደዋል። ደግሞ ትንበያው ላይ ያለው 2 ሜትር የትልልቆቹ ሞገዶች አማካይ ነው፣ አልፎ አልፎ እጥፍ የሚጠጋ ብቅ ይላል።

ካቢኑን በተመለከተ እህትሽን እንዳትሰሚያት! ከፊት ላይኛው ፎቅ ማለት ሚኒባስ ከኋላ መቀመጥ ማለት ነው። መሃል፣ ዝቅ ያለ ፎቅ ያዙ። ጎን ለጎን መወዛወዙን የሚቀንስ ክንፍ መሳይ ነገር ከመርከቡ ሥር አለ፣ አፍንጫው ከፍ ዝቅ ሲል ግን ምንም አይረዳም።

የድሮ ባሕር ኃይል፣ ሰበታ
ልጄ፣ ቱሉ ዲምቱ ያለው ልክ ነው፣ እኔ ግን ስልክ ላይ አፍጥጠሽ አትዋዪ እላለሁ። እኛ ምጽዋ እያለን ውሃውን ነበር የምናየው። እዚህም እዚያም ነጭ አረፋ ከታየ መካከለኛ ነው፣ ነጭ አረፋው በየቦታው ከበዛ 20 ኖት ገደማ ደርሷል። አንድ ነገር ልጨምር። ከፍሎሪዳ ስትወጡ ወደ ሰሜን የሚፈስ ኃይለኛ የባሕር ጅረት አለ፤ በብርድ ወራት ነፋሱ ከሰሜን ከመጣበት ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ያን ማታ ቶሎ ትተኛ።

እሙ ሰንዳፋ
እናቴን ይዤ ሄጃለሁ። ባዶ ሆድ ነው የሚጥለው እህቴ! ትንሽ ትንሽ ደረቅ ነገር፣ ዝንጅብል ሻይ፣ ከዚያ ውጭ ወጥታ ሩቁን የሰማይና የባሕር መገናኛ ትይ። የማቅለሽለሽ መከላከያው ክኒን ሳያቅለሸልሻት በፊት ነው የሚወሰደው፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ የደም ግፊት መድኃኒት ካላት ግን መጀመሪያ ሐኪሟን ጠይቁ። የኔዋ በሁለተኛው ቀን ከኔ በላይ ስትበላ ነበር 😂

የለገጣፎዋ
ጋሼ፣ ሁላችሁም፣ እግዜር ይስጥልኝ። እህቴ ተኮሳትራም ቢሆን መሃል 4ኛ ፎቅ ልትይዝ ነው። የባጃጁን ነገር ለእማዬ ነገርኳት፣ ሳቀችና ሻንጣውን አወጣች። አሁን የያዘችው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ሁዳዴ ከገባ መርከቡ ላይ የጾም አለ ወይ?