አንድን የቲሹ ናሙና ለሂስቶሎጂም ለአርኤንኤ ምርመራም ማቆየትን በተመለከተ የቀረበ የእርዳታ ጥያቄ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣

በምሠራው ጥናት ከእያንዳንዱ የአይጥ ጉበት ናሙና የቲሹውን አወቃቀር በማይክሮስኮፕ ማየትና ከዚያው ቦታ አርኤንኤ (የጂኖችን መልእክት የሚሸከም ሞለኪውል) ማውጣት ይጠበቅብኛል። የተቸገርኩት አንዱን የሚጠብቀው ዘዴ ሌላውን ስለሚጎዳብኝ ነው። 10 በመቶ ገለልተኛ ፎርማሊን የሕዋሳቱን ቅርጽ በሚገባ ቢያቆይም፣ እንደ አርኤንኤ ያሉ ኑክሊክ አሲዶችንና ፕሮቲኖችን እርስ በርስ ስለሚያስተሳስር፣ ናሙናው ከተከተተበት የፓራፊን (ሰም) ብሎክ የሚወጣው አርኤንኤ እጅግ የተቆራረጠ ነው። አርኤንኤሌተር የተባለው የማቆያ ፈሳሽ በአንጻሩ አርኤንኤውን ይጠብቃል፤ ሆኖም የጨው ክምችቱ ከፍተኛ በመሆኑ ስላይዱ ላይ ሕዋሳቱ ተጨማደው ይታያሉ።

ናሙናውን ከፍሎ ግማሹን በፎርማሊን፣ ግማሹን በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቆየት የተለመደ መሆኑን አውቃለሁ። የእኔ ናሙናዎች ግን ጥቃቅን ቁስለቶች ያሉባቸው ስለሆኑ ቁስለቱ በአንደኛው ግማሽ ብቻ ሊቀር ይችላል፤ ያን ጊዜ በዓይን ያየሁትና በፒሲአር (የጂን ቅጂዎችን አባዝቶ በሚለካው ዘዴ) የለካሁት ስለ አንድ ነገር መሆናቸውን ማረጋገጥ አልችልም።

አሁን የማመዛዝነው ናሙናውን ሳልከፍል በኦሲቲ (ለበረዶ ቁራጭ ናሙና መክተቻ በሚሆን ዝልግልግ ፈሳሽ) ሸፍኜ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን በቀዘቀዘ አይሶፔንቴን (በጣም ሲቀዘቅዝም ፈሳሽ ሆኖ በሚቆይ ኬሚካል) አቀዝቅዤ፣ ተከታታይ ቁራጮችን ተራ በተራ ለቀለምና ለአርኤንኤ ማዋልን ነው። ወደዚህ ባዘነብልም የበረዶ ቅንጣቶች ቲሹውን እንዳይበሱት እሰጋለሁ። ሌላው አማራጭ በ70 በመቶ ኢታኖል አቆይቶ በፓራፊን መክተት ሲሆን፣ በፎርማሊን ለቆየ ቲሹ የተመረጡት፣ ፕሮቲኖችን ለይቼ የማቀልምባቸው ፀረ እንግዳ አካሎቼ በዚህ ላይ ይሠሩ ይሆን? ሁለቱንም የሞከራችሁ ካላችሁ፣ የናሙናውን ውፍረትና የማቆያውን ሙቀት ጨምራችሁ ብትመክሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።