ለሐዋሳ የመኪና ገደብ ይቅደም ወይስ አውቶቡስ?

ጠያቂ (ከአቶቴ)፦
ሐዋሳ ውስጥ ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት በገብርኤል አደባባይ ያለፈ ሰው ችግሩን ያውቀዋል፤ ባጃጁ፣ የቤት መኪናውና ሚኒባሱ ተፋጥጠው ሲቆሙ ብስክሌተኛው በመካከላቸው ይሹለከለካል። ባለፈው ሳምንት ልጄን ትምህርት ቤት ሳደርስ፣ በእግራችን ብንሄድ ቀድመን በደረስን ነበር። የሥራ ባልደረባዬ መፍትሔው እንደ ሲንጋፖር የመኪናን ቁጥር መገደብ ነው ይላል። ገደቡ ብቻውን መንዳትን ይቀንሳል ትላላችሁ?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ መኪና መያዝና መኪናውን በየቀኑ መንዳት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሲንጋፖር የመኪናን ቁጥር የሚገድበውን ኮታ ያወጣችው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት ግን በ1975 ወደ መሀል ከተማ የሚገባውን መኪና ማስከፈል ጀምራ፣ በ1987 ደግሞ የከተማ ባቡሯን ሥራ አስጀምራ ነበር። ዛሬ መኪና የሚፈልግ ሰው ለ10 ዓመት የሚያገለግል ፈቃድ በጨረታ ይገዛል። ይህን ሁሉ ገንዘብ አንዴ የከፈለ ሰው ደግሞ መኪናውን ቤት ማቆም ኪሳራ ስለሚመስለው፣ ለአጭሩም መንገድ ቁልፉን ያነሣል። በ1998 የመንገድ ክፍያው እንደ ሰዓቱና እንደ ቦታው በኤሌክትሮኒክስ እንዲሰበሰብ የተደረገው ኮታው ብቻውን ስለማይበቃ ይመስለኛል።

መልስ 2፦
የቤጂንግንም ልጨምር። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰሌዳ በዕጣ ሲሰጥ፣ ዕጣ ያልወጣላቸው ብዙዎች በአጎራባች ክፍለ ሀገር እያስመዘገቡ ከተማዋ ውስጥ መንዳታቸውን ቀጠሉ፤ በ2019 ከከተማዋ ውጭ በተመዘገቡ ሰሌዳዎች ላይ ሌላ ገደብ መጣል ግድ ሆነ። እኛ ዘንድ ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ናት፤ ሐዋሳ ብቻዋን ብትገድብ ሰው የት ሄዶ እንደሚያስመዘግብ መገመት አያቅትም። አገራችን በ2024 እ.ኤ.አ. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሏም የመኪናውን ዓይነት እንጂ ቁጥሩን አይወስንም። የኤሌክትሪክ መኪናም አደባባዩ ላይ የሚይዘው ቦታ ያው ነው።

መልስ 3፦
ሁለቱም መልሶች ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን መኪናውን የሚተው ሰው በምን ይሂድ? አውቶቡስ በታወቀ ሰዓት የማይመጣ ከሆነ ባለመኪናውም ባጃጅ ተሳፋሪውም ባሉበት ይቀጥላሉ። ለሕዝብ ትራንስፖርት ገንዘብ ማፍሰስ ሲባልም አውቶቡስና ባቡር መግዛት ብቻ አይደለም፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ብዙ ባቡሮቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመውበታል፤ ስለዚህ የጥገናው በጀት ከግዢው ጋር አብሮ መያዝ አለበት። ለሐዋሳ ደግሞ ከሁሉ የሚረክሰው ብስክሌት ነው፤ ከተማችን ሜዳ ናት፣ ሰዉም ከድሮ ጀምሮ ለምዶታል። እኔ ራሴ በብስክሌት ሥራ መሄድ የተውኩት ርቀቱ ከብዶኝ ሳይሆን፣ የመንገዱን ዳር ተሳፋሪ የሚጠብቁ ባጃጆች ስለያዙት እያንዳንዱን ለማለፍ ወደ መኪናው መሀል መግባት ስላስፈራኝ ነው። ከተማው ዳሩን በድንጋይ ለብስክሌት ለይቶ ለባጃጅ ደግሞ ሌላ መቆሚያ ቢሰጥ፣ ነገውኑ እመለስበታለሁ።