የዕቅድ ውይይት፦ ስለ ሐዋሳ ሐይቅ የሚናገር ፊት

ሰብሳቢዋ፦
ውድ አባላት፣ የወጣት ማዕከሉ ኃላፊ በቃል የሰጡንን ተስፋ በጽሑፍ ካልጠየቅን ተስፋ ሆኖ ይቀራል። በንባብ ክፍሉ ጥግ የሚቆም፣ ስለ ሐይቁ ሲጠየቅ በድምፅ የሚመልስ፣ አፉንም ከንግግሩ ጋር የሚያንቀሳቅስ ፊት እንሠራለን ብለናል። ማመልከቻው ግን አንድ መሆን አለበት፤ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ሮቦት ከጠየቅን ማንም አይሰማንም። መነሻ ሐሳቤ ይህ ነው፦ ፊቱ ሰው ለመምሰል አይሞክር፣ የሚያውቀው ጥቂት ይሁን፣ ያንን ጥቂት ግን አሳምሮ ይናገር። ተቃውሞ ያለው ዛሬ ይናገር።

ወጣቱ ፕሮግራመር፦
መምህርት፣ እኔ ተቃውሞ አለኝ። ሶፊያ የተባለችው ሮቦት እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ ስትመጣ ሰው የተደነቀው ፊቷን አይቶ ነው። በሶፍትዌሯ ላይም አይኮግ ላብስ የተባለው የአገራችን ኩባንያ ባለሙያዎች ሠርተዋል። እኛ የካርቱን ፊት ይዘን ብንቀርብ የሕፃናት ጨዋታ ነው ይሉናል። መልሱንስ ለምን እንገድባለን? በኢንተርኔት ከአንድ ትልቅ የቋንቋ ሞዴል፣ ብዙ ጽሑፍ ተምሮ ራሱ መልስ ከሚጽፍ ፕሮግራም፣ ጋር ብናገናኘው የተጠየቀውን ሁሉ ይመልሳል።

ጠጋኙ፦
ልጄ፣ ስለ ቆዳው እኔ ልንገርህ። የጎማ ፊት ከሥሩ ብዙ ሞተር ይፈልጋል። ሞተር ሲበዛ ብልሽት ይበዛል፤ ብልሽቱን የምጠግነው ደግሞ እኔ ነኝ። ሰሞኑን አንዷን ባለ 9 ግራም ሰርቮ፣ ማለትም በታዘዘችው ልክ የምትዞር ትንሽ ሞተር፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስሬ የካርቶን መንጋጋ አስከፈትኳት። ትሠራለች። ነገር ግን ፀጥ ባለ ክፍል ውስጥ ጩኸቷ ከንግግሩ በላይ ይሰማል። ጥርሶቿም ፕላስቲክ ናቸው፤ መንጋጋውን በጣቴ ገታ ሳደርገው ቀጭ አለችና ከዚያ ወዲህ በባዶ ትዞራለች። ሕፃን ልጅ ደግሞ የሚናገር መንጋጋ ሲያይ መጀመሪያ የሚያደርገው መያዝ ነው።

አፉ በስክሪን ላይ ይሳል። አንገቱን ግን ለእኔ ተዉልኝ። ጥያቄ ሲቀርብለት ዘንበል የሚያደርገው አንድ ባለ ብረት ጥርስ ሰርቮ ይበቃዋል። የሞተሩን ኃይል ሞተሩን ከሚያዘው ትንሽ ቦርድ፣ ከአርዱዊኖው፣ ላይ እንዳትወስዱ፤ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ቦርዱ ሊጠፋና እንደገና ሊነሣ ይችላል። ለብቻው 5 ቮልት ይመደብለት፣ ኔጋቲቮቹ ብቻ ይገናኙ።

አኒሜሽን የምትሠራዋ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። በሥዕሉ በኩል የምጨምረው አለኝ። ጃፓናዊው የሮቦት ሊቅ ማሳሂሮ ሞሪ እ.ኤ.አ. በ1970 እንደጻፈው፣ ሮቦት ሰውን እየመሰለ ሲሄድ እንቀርበዋለን፤ ሊመስል ጥቂት ሲቀረው ግን ገደል እንደገባ ሁሉ በድንገት ይቀፈናል። ሁለት ክብ ዓይንና አንድ አፍ ያለው ሥዕል ከዚያ ገደል ይድናል። የእኛ ችግር ሌላ ነው፤ አፉ ከቃሉ ጋር ካልሄደ የቱንም ያህል ቢያምር ሰው ይስቅበታል።

በዚህ ነገር አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይቀላል፤ ፊደላችን የአፉን ቅርጽ ይዞልን ይመጣል። ካዕብና ሳብዕ ከንፈርን ያሞጠሙጣሉ፤ ሣልስና ኃምስ ወደ ጎን ይስባሉ፤ ራብዕ አፍን ይከፍታል፤ ግዕዝ ከፈት ያደርጋል፤ ሳድስ ሊዘጋ ምንም አይቀረውም። ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጥበት በዩኒኮድ ውስጥ ፊደሎቻችን ከ4608 ጀምሮ ስምንት ስምንት ሆነው ተደርድረዋል። ስለዚህ የፊደሉን ቁጥር ለ8 ማካፈልና ቀሪውን ማየት ነው፤ 0 ከሆነ ግዕዝ፣ 1 ከሆነ ካዕብ፣ እንዲህ እያለ 6 ሳብዕ ላይ ይደርሳል። «ሰላም» 4656፣ 4619 እና 4637 ነው፤ ቀሪያቸው 0፣ 3 እና 5። አፉ ከፈት ይላል፣ ይሰፋል፣ ከዚያ «ም» ላይ ከንፈር ይገጥማል።

አፈንጋጮች አሉ። አ፣ ዐ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ በግዕዝ ተጽፈው በራብዕ ስለሚነበቡ የእነርሱን 0 ወደ 3 መለወጥ አለብን። ቈ፣ ኈ፣ ኰ እና ጐ የየራሳቸው ረድፍ አላቸው፤ «ቋ» ቀሪው 3 ነው ተብሎ አፉ በቀጥታ ቢከፈት ስህተት ነው፣ ከንፈሩ መጀመሪያ መሞጥሞጥ አለበት። ከተናባቢዎች የሚያስጨንቁኝ ጥቂት ናቸው። በመ፣ በ«በ»፣ በፐ እና በጰ ላይ ከንፈር ካልገጠመ ተመልካች ወዲያው ይነቃል። ፈ እና ቨ የላይኛውን ጥርስ ከታችኛው ከንፈር ያገናኛሉ። ንግግሩ ሲፈጥን የመካከሉን ቅርጽ መዝለል ይቻላል፣ መግጠሙን ግን በፍጹም። በሰከንድ 24 ምስል ብንሠራ ከንፈሩ ቢያንስ ለሁለት ምስል ተገጥሞ ይቆይ።

ፊደሉ የማይነግረን መጥበቅና መላላትን ነው። «ገና» በዓሉም ይሁን «ገና ነው» ስንል፣ አጻጻፉ አንድ ነው፤ በበዓሉ ስም ግን «ና» ጠብቆ አፉን ያቆየዋል። ስለዚህ ርዝመቱ ከተቀዳው ድምፅ ይወሰድ። ደግሞም አፉ ከድምፁ ጥቂት ቢቀድም ይሻላል። በቴሌቪዥን ሥርጭት መለኪያ ድምፁ ከምስሉ 45 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲቀድም ተመልካች ይታወቀዋል፤ ሲዘገይ ግን እስከ 125 ገደማ አይታወቀውም።

ወጣቱ ፕሮግራመር፦
የማካፈሉ ነገር ደስ ይላል። ዛሬ ማታ ጽፌው አሳያችኋለሁ። የሞዴሉ ጥያቄዬ ግን መልስ አላገኘም።

ጸሐፊው፦
ወንድሜ፣ እኔ ልመልስልህ። አንድ ተማሪ «ሐይቁ መውጫ ወንዝ አለው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ አንድ ነው። ጥቁር ውኃ የተባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም፣ እንደዚያም ሆኖ ውኃው ጨዋማ አይደለም። የቋንቋ ሞዴሉ ይህንን ሊያውቅ ይችላል፤ ካላወቀ ግን የሌለ ወንዝ ፈጥሮ በሙሉ እርግጠኝነት ያስተምርልናል። ኔትወርክ የሚጠፋበትንም ቀን አስበው።

ትንሽ ነገር ትንሽ ነው ብለህ አትናቀው። የኮምፒውተር ሊቁ ጆሴፍ ዋይዘንባም እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተመው ኢላይዛ የተባለ በጽሑፍ የሚነጋገር ፕሮግራም ቁልፍ ቃል ፈልጎ የተዘጋጀ መልስ ከመስጠት ሌላ ጥበብ አልነበረውም። ነገር ግን የዋይዘንባም ጸሐፊ ራሷ ከፕሮግራሙ ጋር ስትጻጻፍ ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠይቃዋለች። ሰው ለማሽን ልቡን ይከፍታል ማለት ነው። ለዚህም ነው በማመልከቻው ውስጥ ካሜራ እንደማይኖርና የጠያቂዎች ጽሑፍ እንደማይቀመጥ በግልጽ እንዲሰፍር የምፈልገው።

በአማርኛ ቁልፍ ቃል መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ልጆቹ «ከሐይቁ»፣ «ስለሐይቃችን»፣ «የሀይቁን» ብለው ይጽፋሉ። መጀመሪያ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይጠቅለሉ። ቀጥሎ ከ፣ በ፣ የ፣ ለ እና «ስለ» ከፊት ይነሡ፤ የሚነሡት ግን የቀረው ቃል በዝርዝራችን ካለ ብቻ ነው፣ አለበለዚያ «በሬ» «ሬ» ሆኖ ይቀራል። «ሐይቅ»ና «ሐይቁ» የሚለያዩት በመጨረሻው ፊደል እንዚራ (አንዱ ሳድስ፣ ሌላው ካዕብ በመሆኑ) ብቻ ነው። እህታችን ያመጣችው ማካፈል እዚህም ይሠራል፤ ድርሻው የፊደሉን ረድፍ ይነግረናል፣ ቀሪው አፉን ያንቀሳቅሳል። ረድፉን ብቻ ካነጻጸርን ሁለቱ ቃላት አንድ ይሆናሉ።

ገንዘብ ያዡ፦
ስለ ፊደሉ ተግባብታችኋል፣ ስለ ብሩ ግን የተናገረ የለም። ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ሳይመጣ በማመልከቻው ላይ አንድም የዋጋ ቁጥር አልፈርምም። አሮጌ ላፕቶፕ ከአባል ይገኛል፣ ስለዚህ ኮምፒውተር አንገዛም። መብራት ሲጠፋ ፊቱ በንግግር መሃል እንዳይጠፋ ግን ዩፒኤስ ይገዛ።

የሲዳሙ አፎ ተናጋሪው አባል፦
ይህ ፊት የሚቆመው ሐዋሳ ነው። በአማርኛ ብቻ የሚናገር ከሆነ ከገጠር ቀበሌ ለሚመጣው ልጅ እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ሲዳሙ አፎ፣ የሲዳማ ቋንቋችን፣ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የማካፈሉ ብልሃት አይሠራለትም። በሌላ በኩል የሚረዝመው አናባቢም የሚጠብቀው ተናባቢም ሁለት ጊዜ ስለሚጻፍ፣ አማርኛው የደበቀባችሁን እኛ ፊደሉ ላይ እናገኘዋለን። ስለ ሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ስለ ፊቼ ጨምበላላ፣ የሚጠየቀውን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበ ስለሆነ እንግዳ ሁሉ ይጠይቃል። ድምፁንም ጉዱማሌ ላይ ሲከበር እያየ ያደገ ሰው ያንብበው።

አኒሜሽን የምትሠራዋ፦
መልሶቹ የተወሰኑ ከሆኑ ሁሉንም በሰው ድምፅ መቅዳት እንችላለን። ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነፃ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል፣ ግን ጆሮ ይሰለቸዋል። ሁለቱንም ቋንቋ በሰው ድምፅ እንቅዳ።

ጠጋኙ፦
አንድ ነገር ረስታችኋል። ይህ ፊት ሰውን «አንተ» ነው የሚለው፣ «አንቺ» ወይስ «እርስዎ»? እኔ ገብቼ «ምን ልንገርህ?» ቢለኝ ሶኬቱን ነው የምነቅለው።

ጸሐፊው፦
ጋሼ፣ ኢላይዛ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ይህ ጭንቀት አልነበረበትም። በእኛ ግን ግሱ ራሱ ጾታና ዕድሜ ይጠይቃል፤ ያለ ካሜራ ደግሞ ማን እንደቆመ ፊቱ አያውቅም። መልሶቹን ጠያቂውን በማይጠራ አነጋገር እንጻፋቸው። «ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም» ማንንም አያስቀይምም። ሰላምታውና መሰናበቻው ብቻ «እርስዎ» ይበሉ። የሰባት ዓመት ልጅ «እርስዎ» ሲባል ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም።

ሰብሳቢዋ፦
እንግዲህ የማመልከቻው ዋና አንቀጽ እንዲህ ይነበብ፦

«ማኅበራችን በንባብ ክፍሉ ውስጥ ስለ ሐዋሳ ሐይቅ፣ ስለ ዓሣዎቹና ወፎቹ እንዲሁም ስለ ፊቼ ጨምበላላ በአማርኛና በሲዳሙ አፎ የሚመልስ በስክሪን ላይ የተሳለ ተናጋሪ ፊት ለማቆም ይጠይቃል። ጥያቄ የሚቀርብለት በጽሑፍ ሲሆን፣ ማንበብ ላልጀመሩ ሕፃናት የሥዕል ቁልፎች ይኖሩታል። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ካሜራ የለውም፤ የጠያቂዎችን ጽሑፍ አያስቀምጥም። መልሱን የማያውቀው ጥያቄ ሲቀርብለት እንደማያውቅ ተናግሮ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ይመራል። ከማዕከሉ የምንጠይቀው አንድ ጥግ፣ አንድ ሶኬትና ማታ የሚቆለፍ ቁም ሳጥን ነው።»

ስለ ወፎቹ የሚጠየቀውን የሚጽፍ ሰው ጠዋት ወደ ዓሣ ገበያው፣ ወደ አሞራ ገደል፣ ወርዶ ዓሣ አጥማጆቹን ያነጋግር። ልጆች አባ ኮዳ ስለሚባለው ትልቅ ወፍ የሚጠይቁትን እነርሱ በየቀኑ ይሰሙታል። ፕሮፎርማው በገንዘብ ያዡ፣ የአንገቱ ሥራ በጋሼ፣ የአፍ ቅርጾቹ ሥዕል በእህታችን ይያዙ።

ወጣቱ ፕሮግራመር፦
መምህርት፣ ተስማምቻለሁ። ግን የቋንቋ ሞዴሉ ጉዳይ ለሁለተኛው ምዕራፍ ተብሎ ይጻፍልኝ።

ሰብሳቢዋ፦
ይጻፍልሃል፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር።

ገንዘብ ያዡ፦
ዋጋ ሳይጠቀስበት።